የልጅ አፍ በ«እምቧ» ሲፈታ፦ የቤት እንስሳትን ድምፅ ለሕፃናት ስለማስተማር

ወላጅ ሁሉ በጉጉት የሚጠብቀው «እማ» ወይም «አባ» የምትለዋን ቃል ነው። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ እግረ መንገዱን «ባ»፣ «ው ው»፣ «እምቧ» ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ «እስቲ ድገመው» ይላል። ሐኪም ቤት «ስንት ቃል ይናገራል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ኧረ ገና ነው፣ እማና አባ ብቻ ነው የሚለው» ይላል። «እምቧ»ን እንደ ቃል የሚቆጥርለት የለም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን ይቆጥሩታል። ለእነሱ አንድ ድምፅ ቃል የሚባለው ልጁ ሆን ብሎ ሲያወጣው፣ ለአንድ ነገር ሁልጊዜ ያንኑ ድምፅ ሲጠቀም፣ ደግሞም «በል» ሳይባል በራሱ ሲለው ነው። ላም ባየ ቁጥር፣ ሥዕሏንም ባየ ጊዜ፣ ከአጥር ማዶ ድምፅዋንም በሰማ ጊዜ «እምቧ» የሚል የ14 ወር ልጅ አንድ ቃል አለው። ለእሱ «እምቧ» ማለት ላም ማለት ነው።

ይህ የእኛ ልጆች ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ትዊላ ታርዲፍ የተባለች ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በአሜሪካ፣ በቤጂንግና በሆንግ ኮንግ ያሉ ሕፃናት የሚያወጧቸውን የመጀመሪያዎቹን አሥር ቃላት አነጻጸሩ። የቤተሰብ ስሞች ቀዳሚ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ግን የእንስሳት ድምፅ አብሮ ተሰልፎ ተገኘ። በአሜሪካ ልጆች ዝርዝር ውስጥ የበግ «ባ ባ» እና የውሻ ጩኸት ከቀዳሚዎቹ ቃላት መካከል ናቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት አፍ ላይ ነው። ሕፃን ቀድሞ የሚቀናው በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ነው። መ፣ በ፣ ወ። ከንፈርን ገጥሞ መክፈት ብቻ ይበቃል። ልጁም የእናቱን ከንፈር በዓይኑ ያያል። ጭን ላይ አስቀምጣችሁ ፊት ለፊት «እምምም» ብላችሁ ከንፈራችሁን ግጠሙ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ «ቧ!» ብላችሁ ልቀቁት። ልጁ ዓይናችሁን ትቶ አፋችሁን ሲመለከት ታያላችሁ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ የራሱ ከንፈር አብሮ ይገጥማል። ድምፅ ላይወጣ ይችላል። ከንፈሩ ግን ሥራ ጀምሯል።

ሌላው ምክንያት ጆሮ ነው። ወላጅ የእንስሳ ድምፅ ሲያወጣ እንደ ሌላው ቃል አያወጣውም። ይጎትተዋል፣ ያቀጥነዋል፣ ይደጋግመዋል። በ2017 የታተመ የካትሪን ላይንግና የባልደረቦቿ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። እናቶች ለሕፃናቸው ሲያወሩ የእንስሳት ድምፆች ከተራ ቃላት ይልቅ ረዘምና ቀጠን ብለው ይወጣሉ፣ ይደጋገማሉም። በወሬ መካከል ብቅ ብሎ ስለሚታይ የልጁ ጆሮ እነሱን ለይቶ ለመያዝ ይቀለዋል።

ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። «ወንበር» የሚለው ድምፅ ከወንበር ጋር ምንም አይመሳሰልም። ስለተስማማን ብቻ ነው ወንበር የሆነው። ሕፃን ይህን ስምምነት ገና አያውቅም። «እምቧ» ግን ከላሟ አፍ የሚወጣውን ይመስላል። ስለዚህ «ከሰው አፍ የሚወጣ ድምፅ አንድን ነገር ሊወክል ይችላል» የሚለውን ትልቅ ሐሳብ ልጁ በቀላሉ ይጨብጠዋል። ሙትሱሚ ኢማይና ሶታሮ ኪታ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። በ2008 ባሳተሙት ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች ድምፁ ከድርጊቱ ጋር የሚመሳሰል አዲስ ግሥ ከማይመሳሰለው ይልቅ እንደሚቀላቸው አሳይተዋል።

እዚህ ላይ አማርኛ ለልጁ ያዘጋጀው ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። እኛ የእንስሳን ድምፅ ብቻውን አንተወውም። «አለ» እንጨምርበታለን። ላሟ እምቧ አለች። በጉ ባአ አለ። ጫጩቶቹ ጪው ጪው አሉ። ልጁ ድምፁን እየተጫወተ ሴትና ወንድን፣ አንድና ብዙን አብሮ ይለማመዳል። ማንም ሰዋስው ላስተምርህ አላለውም። ደግሞ ይኸው ቅርጽ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሰማው ነው፦ ቁጭ አለ፣ ዝም አለች፣ ብድግ በል፣ ቀስ በይ፣ ዘፍ አለ። «እምቧ አለች» ማለት የቻለ ልጅ ለእነዚህ ሁሉ መንገዱ ተከፍቶለታል። ለዚህ ነው «ላም፦ እምቧ» ብሎ እንደ ካርድ ከማሳየት ይልቅ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር መናገር የሚሻለው። «አየህ ላሟን? እምቧ አለች። ጥጃዋን እየጠራች ነው።»

ከየትኛው ይጀመር? ከቀላሉ። በግ «ባአ»፣ ፍየል «ሜኤ»፣ ላም «እምቧ»፣ ውሻ «ው ው»፣ ድመት «ሚያው»። እነዚህ በከንፈርና በተከፈተ አፍ የሚወጡ ናቸው። የጫጩት «ጪው ጪው» እና የዶሮ «ቋ ቋ» ጠንከር ያሉ ድምፆች አሉባቸው። ልጁ «ቲው ቲው» ወይም «ካ ካ» ቢል ትክክል ነው፣ አታርሙት። እናንተ በትክክል መልሳችሁ በሉት፣ በጊዜው ይስተካከላል። የአህያና የፈረስ ደግሞ ለጎረምሳም ይከብዳል። አህያ ታናፋለች፣ ፈረስ ያሽካካል። እነዚህን ከሁለት ዓመት በኋላ ለጨዋታ አቆዩአቸው።

አሁን ስለ መጫወቻው እናውራ። ገበያው በላስቲክ የእርሻ መጫወቻዎች ተጥለቅልቋል። ቁልፍ ሲጫን ላሟ ትጮኻለች፣ መብራት ብልጭ ይላል፣ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የእንስሳውን ስም ትጠራለች። ወላጅ ገንዘቡን የሚያወጣው ልጁ እንዲማር ብሎ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አና ሶሳ የተባለች የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2016 ባሳተመችው ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ ሕፃናት ያሏቸውን 26 ወላጆች በየቤታቸው ተከታትላለች። ሦስት ዓይነት ነገር ሰጠቻቸው፦ በባትሪ የሚሠሩ መጫወቻዎች፣ ተራ የእንጨትና የጎማ መጫወቻዎች፣ እና የሥዕል መጻሕፍት። በባትሪ ከሚሠሩት አንዱ የሚናገር እርሻ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው። መጫወቻው ሲናገር ወላጅ ዝም ይላል። የወላጁ ቃላት ቀነሱ፣ ከልጁ ጋር የሚደረገው መቀባበል ቀነሰ፣ ለልጁ ድምፅ የሚሰጠው መልስም ቀነሰ። ብዙ ወሬ የተሰማው መጽሐፍ ሲገለጥ ነው።

ስልኩም እንዲሁ ነው። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን የቻይንኛ ድምፅ አሰሙ። ለአንዳንዶቹ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አጫወታቸው። ለሌሎቹ ያንኑ ሰው በቪዲዮ ወይም በቴፕ አሰሟቸው። ከሰው የሰሙት የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። ከስክሪን የሰሙት ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይላል። ሥራ የሚበዛባት እናት ወጥ እስክታማስል ስልክ ብትሰጥ ዓለም አይገለበጥም። ትምህርቱን ለስልኩ አስረክቦ መቀመጥ ነው የሚጎዳው።

ድምፁን ካወቀ በኋላ ልጅ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጊዜ ሲመጣ ደስ ሊለን ይገባል። ምክንያቱም እንስሳ ዝም ብሎ አይጮኽም፣ እያንዳንዱ ጩኸት ጉዳይ አለው።

ላምን እንውሰድ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ላሞችን ከጥጆቻቸው ጋር ሲያጠኑ ሁለት ዓይነት ጥሪ ለይተዋል። ጥጃዋ አጠገቧ ሲሆን አፏን ሳትከፍት ወፈርና ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራዋለች። ሲለያዩ ደግሞ አፏን ከፍታ ቀጠን ባለ ድምፅ ትጮኻለች። የእያንዳንዷ ላም ድምፅ ከሌላዋ ይለያል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ማታ ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ የምትታለበው ላም ከበሩ ሳትደርስ መጣራት ትጀምራለች፣ ጥጃውም ከጋጣ ውስጥ ይመልስላታል። የአገራችን ላም ጥጃዋ ጡቷን ካልነካ ወተቷን በቀላሉ አትለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥጃው ይጠባል፣ ከዚያ ተይዞ ላሟ ትታለባለች። ለአራት ዓመት ልጅ «እምቧ የምትለው ልጄ የት ነህ እያለች ነው» ብትሉት እውነቱን ነው የነገራችሁት። የጠጣው ወተት ከየት እንደመጣም አብሮ ይገባዋል።

ዶሮ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ወሬ አላት። ጫጩት ገና ሳይፈለፈል እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፣ እናቲቱም ትመልስለታለች። ከተፈለፈሉ በኋላ እህል ስታገኝ ቶሎ ቶሎ «ቋ ቋ ቋ» እያለች በአፏ አንስታ ትጥለዋለች፤ ጫጩቶቹ ተሯሩጠው ይመጣሉ። እንቁላል ጥላ ስትነሳ ታስካካለች። ዶሮዎች ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት አንድ ዓይነት፣ በምድር ለሚመጣ ሌላ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ አላቸው። ጭልፊት ሲመጣ ጫጩቶቹ ተሸጉጠው ጸጥ ይላሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ ካለች ልጁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና ብቻ አዳምጡ። ከየትኛውም ካርቱን ይበልጣል።

አውራ ዶሮ ለምን በንጋት እንደሚጮኽ ልጆች ሁሉ ይጠይቃሉ። «ብርሃን ስላየ» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የወጣ ጥናት አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይቷቸው ነበር። የማለዳ ሰዓታቸውን ጠብቀው ጮኹ። ሰውነታቸው ውስጥ ሰዓት አለ። በ2015 እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አከሉ፦ አብረው የሚኖሩ አውራ ዶሮዎች በማዕረጋቸው ይጮኻሉ። አለቃው ይጀምራል፣ የቀሩት ተራቸውን ጠብቀው ይከተላሉ። «ዶሮ ሲጮኽ ተነሳሁ» እያሉ ሰዓት ሲቆጥሩ የኖሩ አያቶቻችን የታመነ ሰዓት ነበራቸው ማለት ነው።

የእኛ ልጆች ደግሞ የአውራ ዶሮን ጩኸት ጨዋታ አድርገውታል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። እንደገና «ኩኩሉ!»። «አልነጋም!» ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ «ነጋ!» ይባላል፣ ፍለጋ ይጀመራል። ተራ መጠበቅ፣ ጥሪና መልስ፣ የሌሊትና የንጋት ሐሳብ፣ ሁሉም በአንዲት የዶሮ ድምፅ ውስጥ ገብቷል። የሦስት ዓመት ልጅ በደንብ ይጫወተዋል። እባካችሁ ይህን ጨዋታ አትተዉት።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። አህያ ስታናፋ ድምፁን የምታወጣው አየር ስታስገባም ስታስወጣም ነው፣ ለዚህ ነው መጋዝ መጋዝ የሚለው። ድመት ካደገች በኋላ «ሚያው» የምትለው በአብዛኛው ለሰው እንጂ ለሌላ ድመት አይደለም። ውሻ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ያላዝናል፤ እነዚህን ሦስቱን ልጅ ለይቶ ቢያውቅ ለራሱም ይጠቅመዋል። የሚያጉረመርም ውሻ አይነካም። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ዶሮና በግ ነክቶ የመጣ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት አገር ናት። የኮንዶሚኒየም ልጅ ግን ላም የሚያየው በወተት ላስቲክ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በግን በቅርብ የሚያገኘው ለዘመን መለወጫ፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ሲገዛ ነው። በጉ ከሾላ ገበያ ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ ይታሰራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ባአ ሲል ያድራል። ልጁ ሣር ያበላዋል፣ ስም ያወጣለታል። በማግስቱ በጉ የለም። ብዙ ቤተሰብ «ወደ አገሩ ሄደ» ይላል። እኔ ይህ ጥሩ አይመስለኝም። ልጁ ቆዳውን ደጅ ላይ አይቶታል፣ ሽታውንም ያውቃል። ለአራት ዓመት ልጅ «በጉ ለበዓል ታረደ፣ ሥጋው ነው ወጥ የሆነው» ማለት ይቻላል። ማዘን ከፈለገ ይዘን። ሲታረድ እንዲያይ ማድረግ ግን አያስፈልግም። ሌሊት «ለምንድን ነው የሚጮኸው?» ብሎ ሲጠይቅም «ከመንጋው ተለይቶ ብቻውን ስለሆነ ነው» በሉት። በግ የመንጋ እንስሳ ነው፣ ብቻውን ሲሆን ይጣራል።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለባችሁ። ሜሪላንድ ያለች ልጅ ዴይኬር ውላ ስትመጣ ላም «ሙ»፣ አውራ ዶሮ «ኮክ ኤ ዱድል ዱ» ብላ ትነግራችኋለች። እስራኤል ያለው ልጅ ዶሮው «ኩኩሪኩ» ነው ይላል። ፈረንሳይ «ኮኮሪኮ»፣ ጃፓን «ኮኬኮኮ»። ዶሮው አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደላት ይሰማዋል። ሁለቱን ማወቅ ልጅን አያደናግርም። «እዚያ ሙ ትላለች፣ እኛ ቤት እምቧ ትላለች» ማለት በቂ ነው። እንዲያውም ልጁ ሁለት ቋንቋ እንዳለው መጀመሪያ የሚያስተውለው በእነዚህ ድምፆች ሊሆን ይችላል። «እምቧ»ን ግን ዴይኬር አይሰጣትም። ከእናንተ ካልሰማች ከማንም አትሰማም።

አያቶች ካሉ ስልኩን ለዚህ ተጠቀሙበት። በቪዲዮ ጥሪ የሚያወራ ሰው ከተቀዳ ቪዲዮ ይለያል፣ ልጁን ያየዋል፣ ይመልስለታል። በ2014 የታተመ ጥናት ከ24 እስከ 30 ወር ያሉ ሕፃናት በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚያወራቸው ሰው አዲስ ቃል እንደሚማሩ፣ ከተቀዳው ግን እንደማይማሩ አሳይቷል። እማማ ጎጃም ሆነው ስልኩን ወደ ጋጣው ቢያዞሩና «ነይ እምቧ በያት፣ ትሰማሻለች» ቢሏት፣ ያ ትምህርት ነው።

በእንግሊዝኛ የእርሻ ሥዕሎች ላይ ሁሉ አሳማ አለ። በእኛ አገር አሳማ በየቤቱ የሚረባ እንስሳ ስላልሆነ ሁሉም የሚያውቀው የአማርኛ የአሳማ ድምፅ የለንም። ቢዘለል ምንም አይጎድልም። በምትኩ ግመልን፣ በቅሎን፣ ንብን አስገቡ። የንብ «ዝዝዝ» ለልጅ ጥርስና ምላስ ጥሩ ልምምድ ነው።

ስታስተምሩ ፈተና አታድርጉት። እንግዳ ፊት አቁሞ «ላም ምን ትላለች? ውሻስ? ድመትስ?» ብሎ ማጣደፍ ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ጨዋታውን እናንተ ጀምሩት፣ ከዚያ ቆም በሉ። «ላሟ መጣች፣ መጣች፣ እና...» ብላችሁ ዝም በሉ። በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ለትልቅ ሰው ረጅም ነው። ለሕፃን ግን ሰምቶ፣ አስቦ፣ ከንፈሩን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ዓይኑን ቢያንከራትት ወይም እጁን ቢጠቁም መልስ ነው፣ ተቀበሉት። ቀኑ ውስጥ ባጋጠማችሁበት ሁሉ፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ሲያልፍ፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ፣ ወተት ሲጠጣ፣ አንድ ሁለቴ በሉት። ይበቃል።

አንዳንድ ልጅ ዘግየት ይላል። በ12 ወሩ «ባ ባ»፣ «ማ ማ» እያለ በድምፅ የማይጫወትና በእጁ የማይጠቁም፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ «ላም መጣች» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። «የአባቱም አፍ ዘግይቶ ነው የተፈታው» ብሎ መጠበቅ ጊዜ ይበላል። ቀድሞ የሚመረመረው ጆሮ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፤ ውሻ ሲጮኽ ይደነግጣል፣ ዶሮ ሲጮኽ ይዞራል፣ ስለዚህ ይሰማል ይላሉ። የአውራ ዶሮ ጩኸት በጣም ጉልህ ድምፅ ነው። ከጉንፋን በኋላ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ያን ይሰማል። «ሰ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ተ»ን የመሰሉ ስስ ድምፆች ግን ሊያመልጡት ይችላሉ፣ ቃል የሚለየው ደግሞ በእነሱ ነው። የመስማት ምርመራ የሚያደርግ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰዱት፣ ሁለቱም ጆሮው በየድምፁ ዓይነት እንዲለካለትም ጠይቁ።